ፓይተንና አርን በአንድ ሼል ማሠራት፦ ለደሴና ኮምቦልቻ የዝናብ ዳታ ሬቲኩሌት ይሻላል ወይስ አርፓይ2?

ዘሐራ_ኮምቦ፦
ሰላም ጀማው። የደሴና የኮምቦልቻ ጣቢያዎች የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ በሲኤስቪ ፋይል አለኝ። ማጽጃው ኮድ በፓይተን፣ በፓንዳስ (የሠንጠረዥ ዳታ መሥሪያ ፓኬጁ) ተጽፎ ያለቀ ነው። የበልግና የክረምት አዝማሚያ ምርመራው (ማን-ኬንዳል) ደግሞ በአር ነው። አሁን ባለው አሠራር አንዱ ሲኤስቪ ይጽፋል፣ ሌላው ያነብባል። ይህን ትቼ ሁለቱንም በአንድ ኮንሶል፣ ተለዋዋጭ እየተጋሩ ማሠራት ነው የምፈልገው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋ ራም። ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ።

ፓይተንን ከአር ውስጥ በሚያሠራው ፓኬጅ፣ በሬቲኩሌት፣ ሦስት ነገር አስቸግሯል። የምፈልገውን ፓይተን ብነግረውም ሌላውን ይዞ ይነሣል። አር ላይ «ቀናት = 30» ብዬ ፓይተን ላይ ሬንጅ ውስጥ ሳስገባው፣ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) እንደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አይወሰድም ብሎ ኤረር ያወጣል። ሦስተኛው ይብሳል፦ በአር የተነበበው የዝናብ ዓምድ ወደ ፓይተን ሲሻገር የአንዱ ዓመት የሰኔ አማካይ ከዜሮ በታች 71.5 ሚሊዮን ሚሊሜትር ይሆናል። ሰማዩ ውኃውን መልሶ ካልጠጣው በቀር ይህ አይሆንም።

ጋሽ_ጦሳ፦
አብሽሪ፣ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ኮንሶሉ ላይ በላቲኑ አስገቢያቸው።

በቅድሚያ አስተናጋጁ ማን እንደሆነ ይለይ። አንዱ ቋንቋ ፕሮሰሱን ያስነሣል፣ ሌላው በእንግድነት እዚያው ውስጥ ይጫናል። በሬቲኩሌት አር ባለቤት፣ ፓይተን እንግዳ ነው፤ በአርፓይ2 ይገለበጣል። እኔ የምለው፣ ሥራው የሚያልቅበት ቋንቋ አስተናጋጅ ይሁን። ያንቺ መጨረሻ የአር ምርመራና የአር ግራፍ ነው፣ ማሽኑም ዊንዶውስ ነው፤ አርፓይ2 ዊንዶውስን በይፋ አይደግፍም፣ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ መጫን ያስፈልጋል፣ ለ4 ጊጋ ራም ይከብዳል። ስለዚህ ሬቲኩሌት።

ፓይተኑ እምቢ ያለሽ ዘግይተሽ ስለነገርሽው ነው። በአንድ የአር ሴሽን ውስጥ ፓይተን አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ አንዴ ከተነሣ «ዩዝ_ፓይተን» ብትይ አይቀየርም። ኢምፖርት ካደረግሽ ወይም «ፓይ_ኮንፊግ» ብለሽ ከጠየቅሽ ተነሥቷል ማለት ነው። ሴሽኑን አዲስ ጀምሪ (አርስቱዲዮ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ10)፣ ከዚያ ከሁሉ አስቀድመሽ ዩዝ_ፓይተንን ከሙሉ አድራሻው ጋር ስጪ። ዘላቂው መንገድ ግን በፕሮጀክቱ ፎልደር «.አርኢንቫይሮን» በሚባለው ፋይል ውስጥ «ሬቲኩሌት_ፓይተን» የሚለውን ተለዋዋጭ፣ ሙሉ በሙሉ በትልልቁ ፊደል፣ ከአድራሻው ጋር መጻፍ ነው። የአድራሻው ሰረዞች ወደ ፊት ያዘነበሉት (/) ይሁኑ፤ የዊንዶውሱን ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ቀድተሽ ብትለጥፊ አድራሻው ይበላሻል።

ቀጥሎ ፓይ_ኮንፊግ በይና ሁለት ነገር እዪ። የፓይተኑ አድራሻ ያልሽው መሆኑን፤ ነምፓይ (የፓይተን የቁጥር ስሌት ፓኬጅ) የሚለው መስመር ላይ «አልተገኘም» የሚል አለመጻፉን። ነምፓይና ፓንዳስ በዚያው ፓይተን ካልተጫኑ ማትሪክስም ዳታ ፍሬምም አይሻገርም። ፓይተኑ 64 ቢት መሆኑንም አረጋግጪ፤ አር ከ4.2 ወዲህ በዊንዶውስ 32 ቢት የለውም።

ይህ ካለቀ «ሪፕል_ፓይተን()» ስትይ የኮንሶሉ ምልክት ከአንድ ቀስት (>) ወደ ሦስት ቀስት (>>>) ይለወጣል። እዚያ የምትጽፊው ሁሉ ፓይተን ነው። የአር ተለዋዋጭ ሲያስፈልግሽ «አር.ዝናብ»፣ ወደ አር ለመመለስ «ኤግዚት»። አር ላይ ሆነሽ የፓይተኑን ስትፈልጊ «ፓይ$ዝናብ»። በአር ስሙ ውስጥ ነጥብ ያለበት ተለዋዋጭ፣ ለምሳሌ «ዝናብ.ሚሜ»፣ ከፓይተን በኩል ሲጠራ ችግር ነው፤ ነጥቡን ፓይተን ለራሱ ትርጉም ይወስደዋል። ከመጀመሪያው የሥር ሰረዝ ተጠቀሚ።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦
የቀሩትን ሁለቱን እኔ ልመልስ፤ ሁለቱም የዓይነት ጉዳይ ናቸው።

አር ላይ 30 ብለሽ ስትጽፊ ደብል (የአር ነጥብ ያዥ ቁጥር) ነው፣ ተሻግሮ 30.0 ይሆናል፣ ሬንጅ ደግሞ ፍሎት አይቀበልም። ኢንቲጀር ከፈለግሽ ከቁጥሩ ኋላ ትልቁን ኤል ጨምሪ፣ ወይም ፓይተን ላይ ኢንት ውስጥ አስገቢው።

-71.5 ሚሊዮኑ ይበልጥ ያስተምራል። አር የጎደለ ኢንቲጀርን (ኤንኤ) የሚያስቀምጠው በ32 ቢት በሚያዘው ትንሹ ቁጥር፣ በ-2147483648 ነው። አር ያን ቁጥር ሲያይ «የለም» ብሎ ያነበዋል። ነምፓይ ስለዚህ ስምምነት የሚያውቀው ነገር ስለሌለ እንደ ማንኛውም ቁጥር ይደምረዋል። ያን ቁጥር ለ30 ብታካፍይው -71,582,788 ይወጣል። ስለዚህ ከሰኔ የጎደለሽ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሁለት ቢሆን ኖሮ -143 ሚሊዮን ታይ ነበር።

መፍትሔው ከማሻገርሽ በፊት ዓምዱን «አዝ.ኑሜሪክ» አድርጊው። ደብል ሲሆን ኤንኤው ፓንዳስ ላይ «ናን» ሆኖ ይደርሳል፣ አማካይ ሲሠራም ይዘለላል። ኢንቲጀርነቱ የግድ ከሆነ ሬቲኩሌት የፓንዳስን ባዶ ተቀባይ ዓይነቶች እንዲጠቀም የሚያደርግ ኦፕሽን አለው፣ «ሬቲኩሌት.ፓንዳስ_ዩዝ_ነለብል_ዲታይፕስ»፤ ትሩ አድርጊው፣ ከማሻገርሽ በፊት።

ሌላ አንድ ወጥመድ አለ፣ ኤረር ስለማያወጣ ነው የምነግርሽ። የጣቢያ ስሞችን በአር ቬክተር ይዘሽ ፓይተን ላይ በፎር ሉፕ ብትዞሪባቸው፣ ሁለት ሲሆኑ («ደሴ»፣ «ኮምቦልቻ») ሊስት ሆነው ይሻገራሉ፣ ሉፑም ሁለቴ ይዞራል። አንድ ጣቢያ ብቻ ሲሆን ግን ቬክተሩ ባለ አንድ አባል ስለሆነ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚሻገረው። ያኔም ሉፑ ሁለቴ ይዞራል፦ መጀመሪያ «ደ»፣ ቀጥሎ «ሴ»። ሁልጊዜ «አዝ.ሊስት» አድርገሽ ላኪው።

ሰኞ_ገበያ፦
ኡቡንቱ ላይ ላላችሁና ሥራችሁ ጁፒተር (ኮድ በሴል በሴል የሚሠራበት ማስታወሻ ደብተር) ውስጥ ለሚያልቅ አርፓይ2 ይቀላል እንጂ አይከብድም፣ ጋሽ ጦሳ አይቆጡኝና። መጀመሪያ «%ሎድ_ኤክስት አርፓይ2.አይፓይተን»። ከዚያ የሴሉ የመጀመሪያ መስመር «%%አር -አይ ዝናብ -ኦ ውጤት» ይሆናል። -አይ ከፓይተን የሚገባውን፣ -ኦ ወደ ፓይተን የሚወጣውን ይሰይማል። ለግራፍ እዚያው መስመር ላይ -ደብሊው 6 -ኤች 4 --ዩኒትስ ኢን -አር 150 ብትጨምሩ ስድስት በአራት ኢንች፣ በ150 ጥራት ይወጣል።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ምን እንደተሻገረ በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ መታየቱ ነው። በሬቲኩሌት «አር.» እና «ፓይ$» በየመስመሩ መካከል ስለሚበተኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮዱን ያነበበ ሰው የቱ ከየት እንደመጣ ፈልጎ ይደክማል።

ተጠንቀቁ የምለው የፓኬጅ መጫኛውን ኮንዳን ነው። አር ከሲስተሙ፣ ፓይተን ከኮንዳ ሲሆን ሁለቱ የተለያየ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ይዘው አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ይጋጫሉ፤ «ጂሊብሲኤክስኤክስ አልተገኘም» የሚል ኤረር የዚህ ምልክት ነው። ወይ ሁለቱንም ከኮንዳ-ፎርጅ በአንድ ኢንቫይሮንመንት ጫኑ፣ ወይ ሁለቱንም ከሲስተሙ። ቅይጡን ለመጠገን ከመድከም ከአዲስ መጫን ይፈጥናል።

ቧንቧ_ውሃ፦
ይቅርታ ግን ሲኤስቪው ምን አጠፋ? ይሠራል፣ ይታያል፣ መብራት ቢጠፋም አለ።

ጋሽ_ጦሳ፦
@ሰኞ_ገበያ፣ አልቆጣም፣ ስለ መጀመሪያው መስመር ያልከው ልክ ነው። በሬቲኩሌትም ያንኑ ማድረግ ይቻላል፦ የሚሻገረውን ሁሉ ፋይሉ አናት ላይ በሁለት በሦስት መስመር አሻግሮ፣ ከዚያ ወዲያ ድልድዩን አለመንካት። ለፍጥነትም ይበጃል። አር ላይ «ፓይ$ዝናብ$ሚሜ[1] <- 5» ሲባል አንዲት ሕዋስ የተነካች ይመስላል፤ በተግባር ሙሉው ዳታ ፍሬም ወደ አር ተገልብጦ፣ ተስተካክሎ፣ እንደገና ሙሉው ወደ ፓይተን ይገለበጣል። ይህን ሉፕ ውስጥ ያስገባ ሰው ማሽኑን ይወቅሳል።

ዘሐራ፣ ስለ ራሙ አትስጊ። የሁለት ጣቢያ የ30 ዓመት ዕለታዊ ዳታ ወደ 21,900 ረድፍ ነው፤ 10 የቁጥር ዓምድ ቢኖረው በ8 ባይት ሲባዛ ከ1.8 ሜጋባይት አያልፍም። አሥር ጊዜ ቢገለበጥም ምንም አይደል።

@ቧንቧ_ውሃ፣ ሲኤስቪ ዓይነትን አይጠብቅም። ቀኑ ጽሑፍ ይሆናል፣ 007 የሚል የጣቢያ ኮድ 7 ይሆናል፣ የጎደለው አንዴ ባዶ አንዴ ኤንኤ ይሆናል። እንደ መጠባበቂያ ግን ይኑር፣ አልቃወምም።

ፊደል_ገራዶ፦
የጣቢያ ስም በአማርኛ ከሆነ ይህንንም ጨምሩበት።

ዊንዶውስ ላይ ከ4.2 በታች የሆነ አር ዩኒኮድን እንደ ዋና ኢንኮዲንግ አይጠቀምም። ኮንሶሉ ላይ «ሴ» ማየት ሲገባችሁ በቀስት ቅንፍ ውስጥ ዩ+1234 የሚል ነገር ታያላችሁ፤ 1234 የ«ሴ» የዩኒኮድ ቁጥር ነው። ዳታው አልጠፋም፣ ማሳያው ነው። ይሁንና ያ ጽሑፍ ፋይል ላይ ከተጻፈና ፓይተን ካነበበው እውነተኛ ጥፋት ይሆናል። አር 4.2 እና ከዚያ በላይ፣ ዊንዶውስ 10 ከ1903 እትም ወዲህ፣ ችግሩ የለም። ፓይተን ላይ ሲኤስቪ ሲጻፍ ኤክሴል እንዲያነበው ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» አድርጉት።

በማትፕሎትሊብ (የፓይተን ግራፍ መሥሪያ) ግራፍ ላይ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ከሆነ ነባሪው ፎንት (ደጃቩ ሳንስ) የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። «ፎንት.ፋሚሊ»ን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል አድርጉ፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ አለ።

ትልቁ ጣጣ ግን ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ ፋይል «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ኀይቅ» ብሎ ጽፎታል። ለእኛ አንድ ቦታ ነው፤ ለፓይተንም ለአርም ሦስት የተለያየ ጽሑፍ ነው። ሁለት ዳታ ፍሬም በጣቢያ ስም ስታጣምሩ ያልተገጣጠሙት ረድፎች ድምፅ ሳያሰሙ ይወድቃሉ። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነርባታቸው የሚቀይር አንድ ሠንጠረዥ በፓይተን ሥሩና («ትራንስሌት» ይበቃል) ከመሻገሩ በፊት በስም ዓምዱ ላይ አሳልፉት። በሁለቱም ቋንቋ አትሥሩት፤ ሁለት ሠንጠረዥ ካለ አንዱ ሌላውን ሳይመስል ይቀራል። የተለዋዋጭ ስምንም በፊደላችን መጻፍ በሁለቱም ይቻላል፣ ያኔም ሕጉ ያው ነው፦ «ዓመት» እና «አመት» ሁለት ተለዋዋጭ ናቸው።

ቦሩ_ሜዳ፦
ከፊደል ገራዶ ነገር ሳልርቅ፣ የዘመን አቆጣጠሩም አለ። የሜትሮሎጂው ፋይል በጎርጎርዮስ ከሆነ ይህ አይመለከትሽም። ከወረዳ የመጣ የምርት ፎርም ስታጣምሪበት ግን ቀኑ በእኛ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ጠባያቸው ይለያያል። ጥቅምት 30 (02-30) ወይም ጳጉሜ 3 (13-03) ሲያጋጥመው ፓይተን ኤረር አውጥቶ ይቆማል። አር ቅርጹ ተነግሮት ሲያነብ ዝም ብሎ ኤንኤ ያደርገዋል። በጎርጎርዮስም የሚገኘው ሌላው ቀን ሁሉ በሁለቱም እንደ ጎርጎርዮስ ቀን ተቆጥሮ ያልፋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ። ስለዚህ ቀኑን እንደ ቀን አታንብቢው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለሽ በሦስት የቁጥር ዓምድ ያዢና ወደ ቀን ቁጥር ቀይሪው፦

ቁጥር = 365*(ዓመት-1) + ዓመት//4 + 30*(ወር-1) + (ቀን-1) - 716367

ይህ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የሚቆጠር የቀን ብዛት ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች የሚረዱት መነሻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ሲገባ 13768 ይወጣል፣ ያም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2016 ደግሞ 19974፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024። በሁለቱ ፈትሺው። አር ላይ // ፋንታ %/% ነው የሚጻፈው፤ የተቀረው አንድ ነው። የሚሻገረውም ይህ ቁጥር ይሁን። የፓንዳስ የጊዜ ዓይነት ሲሻገር የሰዓት ቀጠና ይዞ ሊመጣና ቀኑን በአንድ ሊያዛንፈው ይችላል፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦
//ን ካነሣህ አይቀር፣ በአንድ ኮንሶል ሁለት ቋንቋ ሲፈራረቅ ሰውን የሚጎዱት ኤረር የማያወጡት መስመሮች ናቸው። 2^3 አር ላይ 8 ነው፤ ሦስቱን ቀስት ሳታዪ ፓይተን ላይ ብትጽፊው 1 ይልሻል፣ ምክንያቱም እዚያ ምልክቱ የቢት ስሌት ነው።  2**3ን ሁለቱም እንደ ኃይል ስለሚያነቡት እሱን ልመጂ። ሚሜ[-1] ፓይተን ላይ የመጨረሻው ነው፤ አር ላይ ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉም። ሚሜ[0] አር ላይ ባዶ ቬክተር ይመልሳል፣ ቅሬታ የለም።

መደበኛ ልዩነት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ላይም እንዲሁ። 2፣ 4፣ 4፣ 6ን ለነምፓይ «ኤስቲዲ» ብትሰጪ 1.414፣ ለአር «ኤስዲ» ብትሰጪ 1.633 ነው፤ ነምፓይ ለ4፣ አር ለ3 ነው የሚያካፍሉት። ፓንዳስ ደግሞ ከአር ጋር ይስማማል፣ እንደ አርም ለ3 ያካፍላል። ስለዚህ አንዱን ዓምድ ወደ ነምፓይ መለወጥ ብቻ መልሱን ይቀይረዋል። ሲድም (የዕጣ ቁጥሮች መነሻ) ለየብቻ ነው፤ አር ላይ የሰጠሽው ሲድ የነምፓይን ዕጣ አይገዛም።

ዘሐራ_ኮምቦ፦
አላህ ይስጣችሁ። .አርኢንቫይሮኑና አዝ.ኑሜሪኩ ሠርተዋል፣ ሰኔም ወደ ሰኔነቱ ተመልሷል። የጎደለውም ልክ እንደተባለው አንድ ቀን ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ኮምቦልቻ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም፣ እንዴት ይጫናል? ደግሞም «ሴቭአርዲኤስ» ብዬ ያስቀመጥኩት የፓይተን ዳታ ፍሬም በማግስቱ ስከፍተው ባዶ ፖይንተር ነው።

ሰኞ_ገበያ፦
ጭነቱ በፍላሽ ይሆናል። ኔት ያለበት ማሽን ላይ «ፒፕ ዳውንሎድ ነምፓይ ፓንዳስ -ዲ» ብለሽ ወደ አንድ ፎልደር አውርጂ፣ ቢሮ ላይ «ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ» ከፎልደሩ አድራሻና ከፓኬጆቹ ስም ጋር። የሁለቱ ማሽኖች የፓይተን እትም አንድ ይሁን፤ ለ3.11 የወረደ ነምፓይ 3.12 ላይ አይጫንም። ለአር የሬቲኩሌትን ዚፕ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ከበር ትመለሻለሽ፤ አርሲፒፒ፣ ጄሰንላይት፣ ፒኤንጂ፣ ሂር፣ ራፕዲርስ፣ አርላንግ እና ዊዝአርም አብረው ይያዙ፣ እነሱም የሚጠይቁት ካለ። እነዚህን አስቀድመሽ፣ ሬቲኩሌትን መጨረሻ ጫኚ፣ «ሪፖስ»ን ነል አድርገሽ። የቅርብ ጊዜዎቹ የሬቲኩሌት እትሞች ፓይተን ካልተነገራቸው ራሳቸው ከኢንተርኔት ሊያወርዱ ይሞክራሉ፤ ስለዚህ ያ .አርኢንቫይሮን ፋይል ቢሮው ላይም ይኑር።

ጋሽ_ጦሳ፦
ፖይንተሩ ባዶ የሆነው አር ያስቀመጠው አድራሻውን ብቻ ስለሆነ ነው። ዳታው በፓይተን ማኅደረ ትውስታ ነበር፣ ሴሽኑ ሲዘጋ አብሮ ሄደ። ወይ «ፓይ_ቱ_አር» ብለሽ ወደ አር ዳታ ፍሬም ቀይረሽ ሴቭአርዲኤስ፣ ወይ ፓይተን ላይ «ቱ_ፒክል»። የአርስቱዲዮ ሲዘጋ ሁሉን በራሱ የማስቀመጥ ልማድም ከዚህ አያድንም።

ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ፕሮሰስ ስለሆኑ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቃል፤ የነምፓይ ብልሽት የአሩንም ሥራ ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ ጽዳቱ እንዳለቀ አንዴ፣ ከማን-ኬንዳሉ በፊት አንዴ ወደ ዲስክ ጻፊ። @ቧንቧ_ውሃ በመብራቱ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ይሠራል፣ ሲኤስቪ ባይሆንም።

ቧንቧ_ውሃ፦
ፓርኬ የሚባለው የዳታ ፋይል ዓይነት ይሁን?

ጋሽ_ጦሳ፦
ይሁን። ዓይነቱን ይጠብቃል፣ ሁለቱም በ«አሮው» ፓኬጅ ያነቡታል። ፓይተን ላይ ፓይአሮው መጫን ስላለበት ዘሐራ ፍላሹ ላይ እሱንም ትጨምር፤ ከነምፓይ ይከብዳልና ማታ ኔት ሲቀል አውርጂው።